ለቀጭን ላፕቶፕ የውጭ ግራፊክስ ካርድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ነኝ። ቢሮዬ አምባሳደር አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሳይት ሳይት ስዞር የምይዘው ባለ 13 ኢንች ቀላል ላፕቶፕ አለኝ፤ ኮር አይ5 11ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት የታይፕ-ሲ ቀዳዳ ያለው። በሬቪት የሠራሁትን ንድፍ በሉሚየንና በብሌንደር ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም ወደ ምስል ስለውጥ ግን እየተንቀራፈፈ ይቆምብኛል። ዱባይ ያለው ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ሲመጣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድና ካርዱን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን ሊያመጣልኝ ነው። ኮምፒውተር ቤት የጠየቅሁት ልጅ ‹ታይፕ-ሲ ካለው ይሠራል፤ ላፕቶፕሽ ዴስክቶፕ ይሆናል› ብሎኛል። እውነት ነው? ሬቪትስ ይፈጥንልኛል? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል?»

ልጁ የነገረዎት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በመጀመሪያው ስሕተት ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ስለማውቅ ከእርሱ ልጀምር። ታይፕ-ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው። በውስጡ ምን እንደሚያልፍ አይናገርም። ያቺው ሞላላ ቀዳዳ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ብቻ የምታሳልፍ ተራ ዩኤስቢ ናት፤ በሌላው ላይ 10 ጊጋቢት ታሳልፋለች፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ 40 ጊጋቢት የምታሳልፍ ታንደርቦልት ሆና ትገኛለች። ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይዘገያል» ብለን እናልፈው ነበር። ግራፊክስ ካርድ ከማዘር ቦርድ ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መስመር ነው፤ ተራ ዩኤስቢ ይህን መስመር አያስተላልፍም። ስለዚህ ቀዳዳዎ ተራ ዩኤስቢ ከሆነ ካርዱ ጨርሶ አይታይም። የፈለገውን ያህል ውድ ሳጥን ቢገዙ፣ የፈለገውን ያህል ድራይቨር ቢጭኑ ለውጥ የለውም። ታንደርቦልት 3፣ 4 እና 5 ያስተላልፋሉ። ዩኤስቢ4 የሚባለው ደግሞ በአምራቹ ምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ በሌላው ላይ አይሠራም።

የእርስዎ ፕሮሰሰር ተስፋ ይሰጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ይህ 11ኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ታንደርቦልት 4ን በራሱ ውስጥ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ችሎታው ስላለው ብቻ ቀዳዳው ታንደርቦልት ነው ማለት አይቻልም። አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ ሳያገናኘው ሊቀር ይችላል፤ በርካሽ ሞዴሎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ላፕቶፑን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለው ከቀዳዳው አጠገብ የታተመውን ምልክት ይመልከቱ። ጫፏ ላይ ቀስት ያላት የመብረቅ ምልክት ካለች ታንደርቦልት ነው። የዩኤስቢ ሹካ ምልክት ከ10 ቁጥር ጋር ካዩ ፈጣን ዩኤስቢ ነው፤ ካርድ አይቀበልም። የባትሪ ምልክት ብቻ ከሆነ ስለ ቻርጅ ነው የሚናገረው። ምንም ምልክት ከሌለ የዊንዶውስን ዲቫይስ ማኔጀር ከፍተው በሲስተም ዲቫይሶች ሥር ታንደርቦልት የሚል ቃል ይፈልጉ፤ ከዚያም በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዘው ከአምራቹ መግለጫ ጋር ያመሳክሩት።

ሙሉ ቁጥሩን ያልሁት በምክንያት ነው። እኛ ዘንድ የሚሸጠው አብዛኛው ቀጭን ላፕቶፕ ያገለገለ ነው፤ የአንድ ስም ሁለት ላፕቶፖች ደግሞ አንድ አይደሉም። ዴል ላቲትዩድ 7490 ታንደርቦልት 3 ያለውም የሌለውም አለ፤ ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። የዴል ኤክስፒኤስ 13 ሞዴል 9360 ታንደርቦልት 3 አለው፤ ነገር ግን ከአራቱ የፒሲአይ መስመሮች የተገናኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ተከታዩ 9370 አራቱንም ይዟል። ከውጭ ድርጅቶች ተሰብስበው የሚመጡ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገጥማል፦ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) በይለፍ ቃል ተቆልፎ ታንደርቦልቱ ከውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ሻጩ ባዮሱን ፊትዎ ከፍቶ ካላሳየዎት አይግዙ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልምጣ፤ «ዴስክቶፕ ይሆናል» ወደሚለው። አርቲኤክስ 3060 ዴስክቶፕ ውስጥ ሲሰካ 16 የፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 መስመሮችን ያገኛል፤ በእነዚህ በኩል በሰከንድ ወደ 32 ጊጋባይት ማለፍ ይችላል። በታንደርቦልት 3 ወይም 4 በኩል ሲመጣ ግን የሚደርሱት አራት መስመሮች ናቸው። 40 ጊጋቢት በስምንት ሲካፈል 5 ጊጋባይት ይሆናል ብለው ሊያሰሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከፊሉ ለማሳያ ምልክት የተተወ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በመጠቅለልና በመፍታት ይባክናል። ለካርዱ በተግባር የሚተርፈው በሰከንድ ከ2.5 እስከ 3 ጊጋባይት ነው፤ የዴስክቶፑ አንድ አሥረኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ጉዳቱ ግን እንደ ሥራው ዓይነት በጣም ይለያያል። ጣሪያው ላይ ትልቅ ሮቶ አስቀምጦ ወደ ቤት የሚያወርደው ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ የሆነበትን ሰው ያስቡ። ጠዋት አንድ በርሜል ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ከበርሜሉ እየቀዳ የሚሠራ ከሆነ የቧንቧው መቅጠን አያስጨንቀውም። በየደቂቃው ቧንቧ እየከፈተ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሮቶው ሞልቶም ሥራው ይጓተታል። ብሌንደር ሳይክልስ በሚባለው የሬንደር ክፍሉ አንድ ምስል ሲሠራ የመጀመሪያውን ሰው ይመስላል። ቤቱን፣ ወንበሩን፣ የወለሉን ሥዕል ሁሉ አንዴ ወደ ካርዱ ሜሞሪ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ በሙሉ ካርዱ ውስጥ ነው። 10 ጊጋባይት የሚመዝን ትዕይንት በቀጭኑ ቧንቧ ለመውረድ አራት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሬንደሩ 20 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ አራት ሰከንድ ምንም አይደለችም። እያንዳንዱ ፍሬም በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ አኒሜሽን ላይ ግን መጫኑ በየፍሬሙ ስለሚደጋገም ልዩነቱ መታየት ይጀምራል። ሉሚየን ውስጥ ቤቱን በዓይን እየዞሩ ሲያስተካክሉ ጭነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ከሁሉም የሚጎዳው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ በተለምዶ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይወርዳል፤ በዝቅተኛ ጥራት ብዙ ፍሬም በሚፈለግበት ጨዋታ ላይ ከዚያም ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ካርዱ የሠራውን ምስል በላፕቶፑ በራሱ ስክሪን ላይ ማየት ከፈለጉ ምስሉ በዚያው በቀጭኑ ገመድ ተመልሶ መምጣት አለበት። ጠባቡን መንገድ ሄያጅና መጪ ይጋፉበታል። ሞኒተር ገዝተው ገመዱን በቀጥታ ካርዱ ጀርባ ላይ ካልሰኩ ከካርዱ አቅም ላይ ተጨማሪ ቁራሽ በፈቃድዎ እየጣሉ ነው። ስለዚህ ዕቅድዎ ላይ ካርድና ሳጥን ብለው የጻፉት ሞኒተርም ይጨመርበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎን የሚያሳስብዎት ግን ገመዱ መሆን የለበትም። ከጻፉልኝ ዝርዝር ውስጥ ዓይኔ ያረፈው 8 ጊጋባይት ራም የሚለው ላይ ነው። ትዕይንቱ ወደ ካርዱ ከመውረዱ በፊት በመጀመሪያ የሚዘጋጀው በላፕቶፑ ራም ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ከተከፈተ ጥቂት ትሮች ጋር 4 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ሬቪት ሳይዘጋ ሉሚየን ሲከፈት ቀሪው ያልቃል። ከዚያ ዊንዶውስ ፋይል ከሚቀመጥበት ዲስክ፣ ከኤስኤስዲው ላይ ቦታ መበደር ይጀምራል፤ እርስዎ «እየተንቀራፈፈ ይቆማል» ያሉት በአብዛኛው ይህ ነው። የራሱ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ካርድ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ካርዱን ማስራብ ነው። ራሙን ማሳደግ ይቻላል እንዳይሉ፣ በአብዛኛው ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ራሙ ማዘር ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ይህን ለማወቅ ላፕቶፑን መፍታት አያስፈልግዎትም፤ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያም ሜሞሪ የሚለውን ይጫኑ። ፎርም ፋክተር በሚለው ትይዩ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ተብሎ ከተጻፈ ተበይዷል ማለት ነው፤ «ሶዲም» ካለ ግን የሚነቀል ነው፣ ሊያሳድጉት ይችላሉ።

ሬቪት አይፈጥንም። ሬቪትም አውቶካድም ግድግዳ ሲስሉ፣ ሞዴል ሲከፍቱና ሲያስቀምጡ በአብዛኛው የሚጠቀሙት የፕሮሰሰሩን የአንድ ኮር ፍጥነት ነው። ካርዱ ሞዴሉን ማዞርን ትንሽ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠብቁ። ኮር አይ5 11ኛ ትውልድ በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ በአራት ኮርና ከ12 እስከ 28 ዋት ባለው ኃይል ተወስኖ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነው። አብሮት ያለው ግራፊክስ ሥራውን ለውጭው ካርድ ሲለቅለት ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ያም ሆኖ ለከባድ ካርድ ሥራ በፍጥነት አዘጋጅቶ ለማቀበል ጉልበቱ ያንሳል።

የመብራቱ ጥያቄዎ ከሁሉም ይልቅ የሚገባኝ ነው። ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም፤ ባትሪው አለለት። ሳጥኑ ግን ባትሪ የለውም። ፒያሳ የነበረው ቢሮዬ ውስጥ ለማግስቱ ጠዋት የሚቀርብ የ40 ሰከንድ አኒሜሽን በብሌንደር ሬንደር እያደረግሁ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጨለመ። የላፕቶፑ ስክሪን እንደበራ ነበር። የሳጥኑ ማራገቢያ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ አለ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል የመዳፊቱ ቀስት ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ውጤቱ በቀጥታ ወደ አንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲጻፍ አድርጌው ስለነበር ፋይሉ ሳይዘጋ ቀረ፤ መብራት ሲመጣ የሚከፍተው ፕሮግራም አላገኘሁም። ከሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ አንድ ሰከንድ እንኳ አልተረፈችም። ከዚያ ምሽት ወዲህ አኒሜሽን ሁልጊዜ የማወጣው በተናጠል ምስሎች ነው፤ በመሃል ቢቋረጥ ካቆመበት ፍሬም ይቀጥላል። እርስዎም የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ይህን ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ይያዙ።

ካርዱ በሥራ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ለዊንዶውስ የሚሆነው ልክ ከዴስክቶፕ ውስጥ ካርዱን በእጅ መንቀል ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ግዴታ ነው። ስሌቱ ይኸው፦ አርቲኤክስ 3060 ሲሮጥ 170 ዋት ይወስዳል፤ ሳጥኑ ላፕቶፑንም ቻርጅ ካደረገ 60 ዋት ገደማ ይጨመራል፤ ሞኒተሩ ከ25 እስከ 30 ዋት፤ ከብክነቱ ጋር 280 ዋት ግድም ይሆናል። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይህን ጭነት ይሸከማል። ግን ውስጡ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው፤ በዚህ ጭነት ከአሥር ደቂቃ በታች ነው የሚቆይልዎት። አገልግሎቱ ሬንደሩን በሥርዓት ለማቆም ብቻ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ሞገድ እንደ መስመሩ የለሰለሰ አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ይህን ሞገድ አይቀበሉም፤ ዩፒኤሱ እየሠራ ሳለ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ገዝተው ከመሄድዎ በፊት ሳጥኑን ወይም ኮምፒውተሩን ሰክተው፣ ሬንደር አስጀምረው የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉልኝ ይበሉ። የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።

መብራት ሲመለስም ችኮላ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ የሚዋዥቅባቸው ናቸው። መብራት እንደጠፋ የሳጥኑን ማጥፊያ ይጫኑ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ያብሩት። ማቆያ ያለው ስታቢላይዘር ካለዎት ይህን ራሱ ያደርግልዎታል።

ስለ ሙቀት ብዙም አይጨነቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያ በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ግን ይህን ያካክሰዋል። ይልቅ አቧራውን ይጠንቀቁ። በመሃል ከተማ እየፈረሰና እየተገነባ ባለበት ጊዜ ሳጥን ወለል ላይ አይቀመጥም፤ በየሁለት ወሩ ተከፍቶ ይነፋል።

ገመዱንም አይናቁት። የስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነው። የመብረቅ ምልክትና 3 ወይም 4 ቁጥር የታተመበትን፣ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን አጭር ገመድ ይጠቀሙ። ሲያገናኙ መጀመሪያ ሳጥኑን ያብሩ፤ ከዚያ ገመዱን ይሰኩ፤ ዊንዶውስ ይህን መሣሪያ ልፍቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ሁልጊዜ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ የኤንቪዲያን ድራይቨር ይጫኑ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱ ቢጫ ምልክት ይዞ «ኮድ 12» ካለ ዊንዶውስ ለካርዱ የሚሆን የአድራሻ ቦታ አጥቷል ማለት ነው፤ ባዮሱን ማደስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሥራ ላይ ሳለ ገመዱን በፍጹም አይንቀሉ።

ማክቡክ ለመግዛት ያሰቡ ካሉ ለእነርሱም በአጭሩ ልናገር። አፕል በራሱ ኤም1 ፕሮሰሰር ላፕቶፖችን መሥራት ከጀመረበት ከ2020 ወዲህ የወጡት ማኮች ለስክሪንም ሆነ ለሉሚየን ዓይነት ሥራ የውጭ ግራፊክስ ካርድን አይደግፉም። የቆዩት የኢንቴል ማኮች ከ2018 ጀምሮ ይደግፉ ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ ለኤኤምዲ ካርድ ብቻ ነው።

በ2023 ይፋ የሆነው ታንደርቦልት 5 ለካርዱ የሚደርሰውን የመስመር ፍጥነት በእጥፍ ያሳድገዋል፤ ኦኩሊንክ የሚባለው ማገናኛም እንዲሁ፤ ነገር ግን ኦኩሊንክ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አይሰካም፣ አይነቀልም። ሁለቱም የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ የሉም። የላፕቶፑን ሆድ ከፍተው የኤስኤስዲው ቦታ ላይ አስማሚ ሰክተው ካርድ የሚያንጠለጥሉ ሰዎችም አሉ። ይሠራል፤ ታንደርቦልት ለሌለው ላፕቶፕም መውጫ ነው። ግን በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ለሚገባ ላፕቶፕ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ገመድ ወጥቶለት መኖር የማይሆን ነገር ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ካርዱን ያስመጡ፣ ሳጥኑን ይተዉት። በሳጥኑ ገንዘብ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይግዙና ካርዱን እዚያ ይሰኩት። በብዛት ከሚታወቁት ሳጥኖች አንዱ ሬዘር ኮር ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ያለ ካርዱ 299 ዶላር ነበር። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ መጠን ወደ ብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ያውቁታል፤ ያ ሁሉ ወጥቶ የሚገኘው ፓወር ሰፕላይና ቆርቆሮ ነው፤ ራምም ፕሮሰሰርም የለውም። ያገለገለ ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ዴስክቶፕ) ግን ስድስት ወይም ስምንት ኮር፣ 32 ጊጋባይት ራም መቀበያና ባለ 16 መስመር ማስገቢያ ይዞ ይመጣል። ማስገቢያው የቆየው ፒሲአይ 3.0 ቢሆን እንኳ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ከታንደርቦልቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ማነቆ የሆነብዎት ራም፣ ፕሮሰሰርና ገመድ በአንድ ግዢ ይፈታል።

ዴስክቶፑን ሲመርጡ ፓወር ሰፕላዩን ይመልከቱ። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3060 የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ ካርዱ ደግሞ በአብዛኛው ስምንት እግር ያለው የኃይል ሶኬት ይፈልጋል። በቢሮዎች የሞሉት ትንንሾቹ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ይህ የላቸውም፤ ካርዱም በቁመቱ አይገባባቸውም። ርካሽ ናቸው ብለው እንዳይሸወዱ። መርካቶም ሆነ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሲሄዱ ሻጩ ጎኑን ከፍቶ ሶኬቱን በጣቱ ያሳይዎት።

ላፕቶፕዎ ሥራውን አያጣም። ሳይት ላይ ይለኩበታል፣ ለደንበኛ ያሳዩበታል፤ ቢሮ ሲመለሱ ፋይሉን በቢሮው ኔትወርክ ወደ ዴስክቶፑ ይልካሉ፤ ሬንደሩ እዚያ ሲሠራ ላፕቶፑ ነጻ ሆኖ ሬቪት መቀጠል ይችላሉ። ከሳጥኑ ጋር ቢሆን ኖሮ ላፕቶፑም ሬንደሩ እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ ታስሮ ይውል ነበር፤ ከሳይት ሳይት ለሚዞር ሰው ከዚህ የባሰ ኪሳራ አላውቅም። ዴስክቶፑን ከሩቅ ለመቆጣጠር የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ይበቃል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው አይፈቅድም። ባዮሱ ውስጥም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩት።

መልሴ የሚገለበጥበት ሁኔታ አለ። ላፕቶፕዎ የመብረቅ ምልክቱን የያዘ፣ ራሙ ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሆነ፣ ፕሮሰሰሩም ጠንከር ያለ ቢሆን፤ ሥራዎም በአብዛኛው ረጅም ጊዜ የሚወስድ የአንድ ምስል ሬንደር ቢሆን፤ ሁለተኛ ኮምፒውተር ማስቀመጫ ቦታ ባይኖር ወይም ሁሉም ፋይልና ፈቃድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን ቢገደዱ፤ ያኔ ሳጥኑን ግዙ እል ነበር። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ፤ ጠዋት አንድ ገመድ ይሰካሉ፣ ማታ ነቅለው ይሄዳሉ፣ ደስተኞች ናቸው። የእርስዎ 8 ጊጋባይት ራም ግን ከዚህ ዝርዝር ያስወጣዎታል።

አርቲኤክስ 3060 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለዋጋው ብዙ ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። ለወንድምዎ ሦስት ነገር ይንገሩት። አንደኛ፣ በ2022 መጨረሻ በዚሁ ስም 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ወጥቷል፤ ከ12ቱ ይልቅ ዘገምተኛ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋባይት የሚለውን በዓይኑ ይይ። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ የማዕድን ቁፋሮ ካርድ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ለማመንጨት ሲሠራ የቆየ እንዳይሆን። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲቆም ቀንና ሌሊት ሲሮጡ የከረሙ ካርዶች በየገበያው ተበትነዋል፤ ሁሉም የተበላሹ አይደሉም፣ ግን ማራገቢያቸው ያለቀ፣ ሜሞሪያቸው በሙቀት የተጎዳ አሉ። ሻጩ ዘንድ ግማሽ ሰዓት በሙሉ ጭነት ይሩጥለት፤ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶም ካርዱ ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ሦስተኛ፣ ለሳጥኑ ቀብድ ከፍሎ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሎ ያስመልስ፤ ለዴስክቶፑ የሚጎድልዎትን ራም የሚገዙት በዚያ ገንዘብ ነው።